ቁጭ ይበሉ እንጂ

የአቶ ፈለቀን ሞት የሰማሁት በቢሮ ስልክ ነው። የፈተና ፕሮግራም እየተየብኩ ነበር። የደወለልኝ ደበላ ነው፤ ድሮ የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል የነበረው፣ አሁን ቡራዩ የሚያስተምረው ረጅሙ ደበላ። ሌላ ጊዜ ሲደውል ጤናዬን፣ ጎረቤቶቼን፣ ዝናቡን ሳይቀር ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ያን ቀን ግን «ወይዘሮ ዘነበች፣ አሠልጣኛችን አረፉ። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው» ብቻ አለኝ። «እሺ» አልኩና ስልኩን ዘግቼ የጀመርኩትን መስመር ጨረስኩ። ከዚያም ቀጣዩን። ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው ሳወጣው አንድም ስሕተት አልነበረበትም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ነገር የሚገባኝ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው።

ሰበታ ውስጥ የአቶ ፈለቀ ስም ሲነሣ ሰው አፍ ላይ የሚቀድመው «ጥሎን ሄደ» የሚለው ነው። ሥጋ ሻጩም ይላል፣ ልብስ ሰፊውም ይላል፣ ቅርጫት ኳስ ምን እንደሆነ የማያውቁ እናቶች እንኳ ይላሉ። ዋንጫ አስለምዶን፣ አዲስ አበባ ሲጠራው ዞር ብሎ ሳያየን ሄደ ነው የሚሉት። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ስሰማ አንድ ቀን ቃል ተንፍሼ አላውቅም። ለምን ዝም እንዳልኩ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ።

ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጃችን ሲመጡ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ይልቅ በእጃቸው የሚይዙ ሰው ነበሩ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው እጃቸው ሁለት ኳስ በመረብ አንጠልጥለዋል። ቀጥ ብለው ዲሬክተሩ ቢሮ ገቡና «ሜዳው የት ነው?» አሉ። ዲሬክተሩ ሳቅ እየተናነቃቸው በመስኮት ወደ ውጭ አሳዩአቸው። ከግቢው ጥግ ሣር አለ፤ ሣሩ ላይ የጎረቤታችን የኦቦ ቱሉ ከብቶች ተኝተው ያመሰኳሉ። አቶ ፈለቀ ከብቶቹን ትንሽ ተመለከቱና «ሰፊ ነው» አሉ።

የሰበታን መሬት የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። መረሬ ነው፤ ጥቁር የሸክላ አፈር። ክረምት ጫማ ያስቀራል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል፤ ኳስ ቢያነጥሩበት ኳሱ እዚያው ይቀራል። ሲሚንቶ እንዲሰጠን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ለሚቀጥለው ዓመት ይታሰብበታል» የሚል መልስ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥፎ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቅ ነበር። አቶ ፈለቀ ግን ኦቦ ቱሉ ቤት ሄደው «አውድማችሁን እንዴት ነው የምትሠሩት?» ብለው ጠየቁ።

በዚያ ሳምንት የሆነውን ኮሌጁ እስካሁን ያወራዋል። ሣሩ ተጋጠ፣ መሬቱ ውኃ ጠጣ፣ የኦቦ ቱሉ በሬዎች ገብተው ሲረግጡት ዋሉ። ከዚያ እበት መጣ። ነገ መምህር እንሆናለን የሚሉ፣ ሱሪያቸውን የተኮሱ ሠልጣኞች አፍንጫቸውን ይዘው ዳር ቆሙ። አቶ ፈለቀ ጫማቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ በርከክ ብለው በእጃቸው መለቅለቅ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ደበላ ገባ፤ ያኔ ገና ኮሌጁ አልገባም ነበር፣ ግን የኦቦ ቱሉ ልጅ ስለሆነ ሥራው አዲስ አልነበረም። ከዚያ ሌሎቹም እያፈሩ ገቡ። ኦቦ ቱሉ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው፣

«ኦቦ ፈለቀ፣ እህል ሳይኖር አውድማ! ምን ሊወቁበት ነው?» አሏቸው።

«ልጅዎን» አሉ አቶ ፈለቀ፣ ቀና ሳይሉ።

ሜዳው ደርቆ ሲጠነክር ኳሱ ነጠረ። ግን በፈለገው በኩል ነበር የሚነጥረው። አንዱ ጋ ጎድጎድ፣ አንዱ ጋ ጎበጥ ያለ ነበርና ኳስ እየነጠሩ መሮጥ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ አቶ ፈለቀ ልጆቹን ማቀበል ብቻ አስተማሩ። ኳሱ መሬት ከነካ ጥፋት ነው። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ እጅ። እነዚህ ልጆች ናቸው አዲስ አበባ ሄደው፣ በለሰለሰው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ ኳስ ሲያነጥሩ ዓይን የሚማርኩትን የከተማውን ትልቅ ኮሌጅ ተጫዋቾች ያስጨነቁአቸው። የከተማው ልጆች ኳሱን ሲፈልጉ ኳሱ ሄዷል። ዋንጫውን ስናመጣ ሰበታ ወጥቶ መንገድ ዳር ተሰልፎ ጠበቀን። ሽታችንን ይዘን ሄድን፣ ዋንጫ ይዘን መጣን እያሉ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይቀልዱ ነበር።

አቶ ፈለቀ ጮኸው አያውቁም። ፊሽካ አንገታቸው ላይ ነበር፤ ሲነፉት ግን ሰምቼ አላውቅም። ተጫዋች ሲሳሳት ወደ ዳር ይጠሩትና ዝቅ ባለ ድምፅ «እናትህ ደህና ናት?» ይሉታል። ልጁ ግራ ይገባዋል። «ደህና ናት» ይላል። «በል ግባ» ይሉታል። ደበላ እንዳጫወተኝ፣ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ስለ እናቱ የተጠየቀ ሰው ሦስተኛ ከመጠየቁ በፊት እንደሚቀየር ያውቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሜዳውን ያጥበዋል። በሐምሌ ጭቃ ነው፣ በነሐሴ ሣር ያበቅላል። መስቀል ካለፈ በኋላ እንደገና ይጋጣል፣ ይረገጣል፣ ይለቀለቃል። አቶ ፈለቀ ክረምቱን ደብረ ታቦር እናታቸው ዘንድ ነበር የሚያሳልፉት። እሳቸው ከሄዱበት ቀን ጀምሮ ሰበታ አንድ ወሬ ብቻ ነበረው፦ ይመለሳሉ ወይስ አይመለሱም? መስከረም ላይ ሱሪያቸውን ሰብስበው እበት ውስጥ ሲገቡ የታዩ ዕለት ከተማው ይተነፍሳል። «ለቀለቁ!» ይባላል። ለቀለቁ ማለት ዘንድሮም አሉ ማለት ነው።

አንድ ጠባይ ግን ነበራቸው፤ መጀመሪያ ያሳቀኝ፣ በኋላ የለመድኩት፣ አሁን የሚያቃጥለኝ። ሳይለመኑ አይቀመጡም።

መጀመሪያ ቢሮዬ የመጡት የተጫዋቾች ዝርዝር ለማስተየብ ነው። «ቁጭ ይበሉ» አልኳቸው። «የለም፣ ደህና ነኝ» አሉ። «ቁጭ ይበሉ እንጂ» አልኩ። «ቆሜ ይሻለኛል» አሉ። ይበላቸው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ ሰዓት ያህል ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር እየተዘዋወሩ ቆሙ። ወንበሩ አጠገባቸው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡ ግን እልህ ያዘኝና ለሦስተኛ ጊዜ «በሞቴ ቁጭ ይበሉ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ወዲያው ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሡም።

«እናቴ ናት» አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። «አንዴና ሁለቴ ለወጉ ይባላል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲሉህ ግን እውነት ፈልገውህ ነው ትለናለች። ትንሽ ሆኜ አንዴ ስባል የተቀመጥኩ ቀን ጆሮዬን ቆንጥጣኛለች። እስካሁን የሚያመኝ ይመስለኛል።»

ሱሉልታ ለግጥሚያ ሄደን ደግሞ ይህን አመላቸውን በዓይናችን አየን። እኔም ስም መዝጋቢ ሆኜ ተከትያቸው ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያስተናገዱን ሰውዬ «ይግቡ፣ እሳት አለ» አሏቸው። «ደህና ነኝ» አሉ። «ይግቡ እንጂ» አሏቸው። «እዚሁ ይሻለኛል» አሉ። ሰውዬው እውነት መስሏቸው ትተዋቸው ገቡ። እኛ እሳት ከበን ስንበላ አቶ ፈለቀ በር ላይ ቆመው በትንፋሻቸው እጃቸውን ያሞቃሉ። በመጨረሻ ደበላ ተነሥቶ ወደ ሰውዬው ጆሮ ጠጋ ብሎ «አባባ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙላቸው» አለ። ተደገመላቸው። ገቡ፣ ከሁላችንም አብልጠው በሉ። እያየን ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ።

እኔ ጋ ማክሰኞና ዓርብ ይመጡ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የእሳቸው ሆነ። ሦስቱ ልመና ደግሞ የሁለታችን ጨዋታ ሆነ፤ ለምኜ ሳበቃ ይቀመጣሉ፣ እኔ እተይባለሁ፣ እሳቸው ሜዳውን ያያሉ። ብዙ አናወራም። ባሌ አዲስ አበባ ሌላ ጎጆ ቀልሶ ከቀረ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያ ወንበር ሲጮህ መስማት ይበቃኝ ነበር። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ልጆቹና ስለ እናታቸው ነው። ስለ ራሳቸው ሲያወሩ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። «እሑድ ረጅም ነው፣ ወይዘሮ ዘነበች» አሉኝ። «እውነት ነው» አልኳቸው። ትየባዬን ቀጠልኩ።

እሑድ እሑድ ከኮሌጁ ጀርባ ካለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ወጥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ብቻቸውን በአስፋልቱ ዳር ይሄዳሉ። በእኔ ደጅ ያልፋሉ። በር ላይ ከሆንኩ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። «ይግቡ» እላለሁ። «ሌላ ቀን» ይላሉ። «ይግቡ እንጂ» እላለሁ። «ሰዓቱ ሄዷል» ይላሉ። ሦስተኛውን አልልም። ባሏ የሄደ ሴት ነኝ፤ ጎረቤት ሁሉ መስኮት አለው። ልለምን ጫፍ ደርሼ እመለሳለሁ። እሳቸውም ትንሽ ቆም ይሉና ይሄዳሉ። አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ሦስተኛውን ዋንጫ በተከታታይ የወሰድን ዕለት የዚያ የአዲስ አበባው ኮሌጅ ኃላፊ ጨዋታው ሲያልቅ መጥቶ እጁን አቶ ፈለቀ ትከሻ ላይ አደረገ። ሰበታዎች ሁላችንም አየን። የመጣንበት መኪና ላይ የዘፈነ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰበታ ምልክት ማንበብ ጀመረ። አዲስ አልጋ ገዙ ሲባል ይቆያሉ ይባላል። ክፍላቸውን ዘንድሮ ኖራ አልቀቡም ሲባል ይሄዳሉ ይባላል። ልብስ ሰፊው ኮት ሰፍቶላቸው ነበርና፣ «ለሰበታ የሚሆን ኮት አይደለም» ብሎ እንባ እስኪመጣበት ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታዲያ አንድም ሰው ፊት ለፊት «አይሂዱ» አላላቸውም። የከለከለን ጥላቻ አይደለም። ይሉኝታ ነው። የተሻለ እንጀራ የተጠራን ሰው «አትሂድ» ማለት ለራስ ማሰብ ይሆናል ብለን ነው። የአዲስ አበባው ኮሌጅ ደብዳቤ ሰኔ ላይ ሲደርስ ዲሬክተሩ ጠሩኝና መልሱን አስተየቡኝ፦ ኮሌጃችን አቶ ፈለቀን ለመልቀቅ ተቃውሞ የለውም፤ ውሳኔው የራሳቸው ነው። ሲፈርሙ እጃቸው ብዕሩን ጨምቆት ነበር። «ወድጄ አይደለም» አሉኝ። «የሰው እንጀራ መዝጋት ነውር ነው።»

ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ጥሎ ሳለ አቶ ፈለቀ ቢሮዬ ገቡ። «ቁጭ ይበሉ» አልኩ፣ ጨዋታችንን ልጀምር ብዬ። ተቀመጡ።

አንዴ ስላቸው ተቀመጡ። ያኔ አንድ ነገር እንደተበላሸ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ከኪሳቸው በእጅ የተጻፉ ሁለት ወረቀቶች አወጡ። «ሁለቱንም ይተይቡልኝ» አሉ። ተየብኩ። አንደኛው «በቀረበልኝ የሥራ ጥሪ መሠረት በገዛ ፈቃዴ ኮሌጁን መልቀቄን በአክብሮት አስታውቃለሁ» ይላል። ሁለተኛው «የቀረበልኝን የሥራ ጥሪ በምስጋና መልሼ፣ እዚሁ ሰበታ በሥራዬ ላይ ለመቆየት መወሰኔን በአክብሮት አስታውቃለሁ» ይላል። ሁለቱንም አነበቡ። ሁለቱንም ፈረሙ። ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«አንዱን ነገ ጠዋት ለዲሬክተሩ ይስጡልኝ» አሉ።

«የትኛውን?»

በመስኮቱ ወደ ሜዳው አዩ። ዝናቡ ልቅላቂውን እያነሣው ነበር።

«የትኛው ይሻላል ይላሉ?»

«እርስዎ ያውቃሉ» አልኩ።

«እኔማ ባውቅ ሁለት ደብዳቤ ምን አስጻፈኝ!» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይሰጣሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አቶ ፈለቀ። የራስዎ ጉዳይ ነው። እርስዎ ያውቃሉ።»

ተነሡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆሙ። «እንግዲያው እርስዎ የመረጡትን ይስጡ» አሉና ወደ ዝናቡ ወጡ።

እስኪነጋ ድረስ ያላሰብኩት የለም። የሚቆዩበትን ብሰጥ ደስ እንደሚለኝ አውቄ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ነገሩ ቢሰማ «ለራሷ ብላ አስቀረችው» ይሉኛል። እዚያ ጣሪያ ያለው ሜዳ አለ፣ መኖሪያ ቤት አለ፣ እዚህ እበት ነው ያለው። አንድ ቀን ቁጭት ይዟቸው በዚያ ወንበር ላይ ሆነው ቢያዩኝ ምን እመልሳለሁ? ይህን ሁሉ አሰብኩ። እውነት የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ግን አላሰብኩም። ጠዋት የመሄጃውን ደብዳቤ ለዲሬክተሩ ሰጠሁ። አነበቡት፣ «አውቄው ነበር» አሉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

በአራት ሰዓት አቶ ፈለቀ መጥተው በር ላይ ቆሙ።

«ቁጭ ይበሉ» አልኩ።

«ደህና ነኝ። የትኛው ሄደ?»

«የአዲስ አበባው።»

ባርኔጣቸውን አደረጉ። መልሰው አወለቁት። «መልካም» አሉ። «መልካም ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ቁጭ ይበሉ እንጂ።»

«ቆሜ ይሻለኛል።»

ሦስተኛው አፌ ላይ ነበር። በሞቴ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ብላቸው ይቀመጡ ነበር፤ ከተቀመጡ ደግሞ ዲሬክተሩ ቢሮ ሄጄ ተሳስቻለሁ፣ ደብዳቤው ይመለስልኝ ማለት አይከብድም ነበር። በኮሪደሩ ሰው ያልፋል። እጄን መኪናው ላይ አድርጌ የማያስፈልግ መስመር ተየብኩ። ቀና ስል አልነበሩም።

የስንብት ግብዣ ተደረገ። ጋቢ ተሸለሙ። ሁሉም እየተነሣ «መልካም ጉዞ» አላቸው፤ እኔም አልኩ። በሚቀጥለው መስከረም ሜዳውን የለቀለቀ ሰው አልነበረም። የኦቦ ቱሉ ከብቶች ተመለሱበት። ከዚያ በኋላ ከተማው ሲረግማቸው፣ ውለታ ቢስ ሲላቸው እሰማለሁ፤ ሁለተኛው ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ስማቸው ይጸዳ ነበር። የእኔ ስም እንዳይነሣ ብዬ የእሳቸውን አስረገምኩ።

አዲስ አበባ፣ ቀብራቸው ላይ ሰው ትንሽ ነበር። እናታቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል፣ ከደብረ ታቦር የመጣ ዘመድ አልደረሰም። ለካስ አዲስ አበባም ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቆዩት። ከዚያ ናዝሬት፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ እንደገና አዲስ አበባ። ከሰበታ ወዲያ የትም ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው አያውቁም። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ደበላ ነው። «… በሰበታ አምስት ዓመት በትጋት ካገለገሉ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀው …» ሲል አንገቴን ደፋሁ። በገዛ ፈቃዳቸው። አዲስ አበባ ካለው ማኅደራቸው ገልብጦት ነው። የእኔ ትየባ ነው።

አፈሩ ተመልሶ ሰዉ ሲበተን ደበላን እጁን ያዝኩት። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ደብዳቤ አውጥቼ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ፊርማውን በጣቱ ነካ አደረገ።

«በፈቃዳቸው አልሄዱም» አልኩት። «ሁለቱንም ፈርመው ይምረጡ አሉኝ። እኔ ነኝ የሸኘኋቸው።»

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ደበላ ግን ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝና «እኔንም ጠይቀውኝ ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«በዚያው ሳምንት። ከልምምድ በኋላ ጠሩኝ። ስለ እናቴ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። ‹ደበላ፣ ብሄድ ይሻላል ብቆይ?› አሉኝ። ‹ጋሼ፣ እኛ እኮ ዘንድሮ እንመረቃለን፤ ለራስዎ ያስቡ› አልኳቸው። ትልቅ ሰው መሆኔ ነበር።» አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። «አባቴንም ጠይቀውታል። ቤት ድረስ መጥተው። አባቴ ‹ዋቅኒ ኢሲን ሃ ኤጉ፤ እግዜር ይጠብቅዎት፣ ይሂዱ› አላቸው። ከሸኛቸው በኋላ በሬዎቹን እንኳ ሳይፈታ ውጭ ተቀምጦ ዋለ።»

ዲሬክተሩንም ጠይቀው እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ልብስ ሰፊውንም ጠይቀው ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ያ ሳይለመን የማይቀመጥ ሰው የሚለምነው ፍለጋ ሰበታን ቤት ለቤት ዞሯል። ሁላችንም በጨዋነት ሸኘናቸው። ከሁሉ በኋላ የደረሱት እኔ ጋ ነው፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ የማስብበት ሌሊትና ሁለት ደብዳቤ ሰጥተውኝ። አንዴ ስላቸው የተቀመጡት ለካ ደክሟቸው ነው።

ከደበላ ጋር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄድን። ሊለየኝ ሲል «ደብዳቤውን ምን ያደርጉታል?» አለኝ። «ቦታው አስገባዋለሁ» አልኩት።

ሰኞ ማኅደር ክፍል ገባሁ። የአቶ ፈለቀን ፋይል አወጣሁ፤ አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩ። የመሄጃው ደብዳቤ ከላይ ነበር። የመቆያውን በላዩ አሰርኩት፤ ከነፊርማው። ከዚያ ወጥቼ፣ በምሳ ሰዓት ሻይ ቤት ውስጥ፣ ልብስ ሰፊው «ነፍስ ይማር፣ ያኔ ጥሎን ባይሄድ» ብሎ ሲጀምር፣ «አልጣሉንም» አልኩ። «ሊቆዩ ፈርመው ነበር። ደብዳቤውን የደበቅኩት እኔ ነኝ።» የሚሉኝን ይበሉኝ። ሰባት ዓመት ዘግይቷል፤ አውቃለሁ።

ትናንት አዲስ የስፖርት አስተማሪ ተመድቦልን መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ንጹሕ ነው። ለሜዳው ሲሚንቶ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሊያስተይብ ቢሮዬ ገባ።

«ቁጭ ይበሉ» አልኩት።

«እሺ» ብሎ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ወንበሩ ጮኸ።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። «ተቀምጫለሁ እኮ፣ እትዬ» አለ።

«በሞቴ» አልኩት፤ ድምፄ እንዳይሰበር መኪናውን ይዤ። «በሞቴ፣ ቁጭ ይበሉ።»